ድድ ላይ የሚበራው ሌዘር እንዴት ይሠራል?

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ድዱ የሚደማ ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ችላ ይላል። ቀጥሎ በለብታ ውሃ ጨው በጥብጦ ይጉመጠመጣል። አልሻል ሲለው ጎረቤት የጠቆመውን ቅጠል አኝኮ ይይዝበታል፤ በቀደመው ትውልድ ሴቶቹ ድዳቸውን ይወቀሩ ነበር። ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምርና ቆሎ መቆርጠም ሲያቅተው ግን ሚኒባስ ይዞ ደሴ ይወጣል፤ አስነቅሎም ይመለሳል።

አሁን አሁን በዚህ መሀል ሌዘር የሚባል ነገር ገብቷል። ዓረብ አገር ያለች እህት በስልክ ቪዲዮ ትልካለች፤ አዲስ አበባ የሚኖር የአጎት ልጅ ለበዓል ሲመጣ ያወራል። «አያምም፣ አይደማም፣ ባንድ ቀን ያልቃል» ይባላል። ከውጫሌ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሳፈሪያው፣ አልጋው፣ ሕክምናው ሲደመር ከአንድ ቤተሰብ ጓዳ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብር ከመቋጠር በፊት ይህ ብርሃን ድድ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይገባል።

መልሱን አላቆየውም። ሌዘር ብቻውን የድድ በሽታን አያድንም። ከተለመደው የጥርስ እጥበት ጋር ሲታከል የሚጨምረው ጥቅምም፣ ጨመረ ከተባለ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ይህ የሆነበትን ምክንያት ለማየት ከብርሃኑ በፊት ጠጠሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የምትሄድ ጠባብ ክፍተት አለች። በጤነኛ ሰው ጥልቀቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ በየቀኑ ፕላክ የሚባል፣ በባክቴሪያ የተሞላ፣ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይጋገራል። በምላስ ሲነካ ጥርሱ የሻከረ ሆኖ የሚሰማው እሱ ነው። በየቀኑ ከተጠረገ ጉዳት የለውም። ካልተጠረገ ከምራቅ ውስጥ በሚገኙት ማዕድናት እየጠጠረ ይሄድና ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል። ያኔ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም። ጠጠሩ ራሱ ያን ያህል መርዘኛ ሆኖ አይደለም፤ ሸካራ በመሆኑ ሌላ ባክቴሪያ ይደላደልበታል። ሰውነት ይህን ሲያይ ደም ወደ ድዱ ይልካል፤ ድዱ ያብጣል፣ በትንሽ ንክኪ ይደማል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሙሉ በሙሉ የሚመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሀራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ ዴንማርክ ውስጥ 12 ድዳቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎችን ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ አደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ቆሰለ። ማጽዳት እንደገና ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነ። መድኃኒት አልተሰጣቸውም፣ መርፌ አልተወጉም። በድድ ሕክምና ታሪክ ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ሥራ ያለ አይመስለኝም፤ መሣሪያውም ብሩሽ ብቻ ነበር።

ቁስለቱ ለዓመታት ሲቆይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ድዱ ከጥርሱ ሥር እየተላቀቀ ክፍተቷ ትጠልቃለች፤ 4፣ 5፣ 7 ሚሊ ሜትር ትደርሳለች። ሐኪሞች ኪስ ይሏታል። ከኪሱ በታች ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀስ እያለ ይሟሟል። ሕመም የለውም፤ መጥፎው ነገርም ይኸው ነው። አንዴ የሄደ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም፤ የሕክምናው ዓላማ የቀረውን ማዳን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው የከፋው ዓይነት የድድ በሽታ እንዳለበት ገምቷል። የስኳር ሕመም፣ ሲጋራና ጋያ ያባብሱታል። በጫት ላይ የሚያመሽ ሰው ከጫቱ ጋር ሲጋራውን ካከለ፣ በስኳርና በለስላሳ ካወራረደው፣ ጥርሱን ሳይጠርግ ከተኛ ደግሞ ለድዱም ለጥርሱም አብሮ ችግር ይጠራል። ሐይቅ ባለችበት በተሁለደሬ ወረዳ ጫት ደጅ ላይ ስለሚበቅል ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም።

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። ከውጫሌ የመጡ፣ ዕድሜያቸው 50ዎቹን ያለፈ እናት የሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያነሳው ሌዘር አይደለም፤ መርፌም አይደለም። ጫፉ ድፍን የሆነ ቀጭን ብረት ነው፤ ላዩ ላይ በሚሊ ሜትር የተከፋፈሉ ጥቁር ሠረዞች አሉት። ብረቱን በድዱና በጥርሱ መሀል ቀስ አድርጎ ያስገባዋል፤ የመጨረሻው ሠረዝ የት ላይ እንደጠፋ ያያል። ለአንድ ጥርስ 6 ቦታ ይለካል። «ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ስድስት» እያለ ሲጠራ ረዳቱ ይጽፋል። ብረቱ ሲወጣ ደም ከተከተለው ያም ይጻፋል። «እማማ፣ ሲቦርሹ ይደማል?» ይላቸዋል። «ኧረ ልጄ፣ ኖሮም ኖሮም ነው» ይሉታል። እሳቸው ለደሙ ለምደውታል። ለመሞት እንጂ ለደም ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል ብለው ኖረዋል።

ልኬቱ ካለቀ በኋላ እጥበቱ ይቀጥላል። ሰዉ «ጥርስ ማሳጠብ» የሚለው ይኸው ነው፤ ሐኪሞቹ ስኬሊንግ ይሉታል። አንደኛው መሣሪያ ጫፉ በሰከንድ ከ25 ሺህ ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ማሽን ነው፤ ሲጢጥ የሚል ድምፅ አለው፣ ውሃ እየረጨ ጠጠሩን ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ፣ ጫፉ እንደ ማንኪያ የጎበጠ የተሳለ ብረት ነው፤ ኪስ ውስጥ ገብቶ የጥርሱን ሥር ከታች ወደ ላይ ይፍቃል። ጥልቅ ኪስ ካለ ቦታው ይደነዝዛል፤ ሥራው በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቀጠሮ ይከፈላል። ድድ ሳይቀደድ ስለሚሠራ ቀዶ ሕክምና የሌለበት ሕክምና ይባላል።

«ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ መልስ ይፈልጋል፤ ወሎ ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባም የሚወራ ነው። ጠጠር ለዓመታት ጥርሶችን አያይዞ ይቆማል። ሲነሳ ቀድሞ በበሽታው የላላው ጥርስ መላላቱ ይታወቃል፤ ያበጠው ድድ ሲቀንስ በጥርሶች መሀል ክፍተት ይታያል፤ ቀዝቃዛ ውሃም ለጥቂት ሳምንታት ይነዝራል። ጥርሱን ያላላው እጥበቱ ሳይሆን ከእጥበቱ በፊት ያለፉት 10 እና 15 ዓመታት ናቸው። ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ ካልነገረ ታካሚው ሁለተኛ አይመለስም፤ ለጎረቤትም አይመክርም።

የሚገኘው ውጤት ምን ያህል ነው? ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የነበረ ኪስ ከእጥበት በኋላ በአማካይ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ 7 እና ከዚያ በላይ የነበረው ደግሞ 2.2 ገደማ። ቁጥሩ በጆሮ ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 5 የነበረ ኪስ ወደ 3.7 ከወረደ ብሩሽ ሊጠብቀው ወደሚችለው ጥልቀት ቀረበ ማለት ነው። ጥርስ የሚተርፈው በዚህ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ሲታከም የሦስት ወሩ የስኳር ልኬት ራሱ በ0.4 ነጥብ ገደማ እንደሚወርድ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህ አንድ ተጨማሪ የስኳር ክኒን ከሚያመጣው ለውጥ ብዙም የማይርቅ ነው።

ታዲያ ሌዘር ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ብረቱ ሁሉ ቦታ አይደርስም። የመንጋጋ ጥርስ ሁለትና ሦስት ሥር አለው፤ ሥሮቹ በሚለያዩበት መሀል ብረት አይገባም። ጥልቅ ኪስ ውስጥ ሐኪሙ የሚሠራው በእጁ ስሜት እንጂ በዓይኑ አይደለም። ባክቴሪያውም ጥርሱ ላይ ብቻ ሳይሆን የኪሱ ግድግዳ በሆነው ሥጋ ውስጥ ይደበቃል። ብረት ያልደረሰበት ብርሃን ይድረስበት የሚለው ሐሳብ ከዚህ መጣ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም።

የሌዘር ንድፈ ሐሳብ የአልበርት አንስታይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917። ጉልበት የሞላው አቶም አጠገቡ ብርሃን ሲያልፍ ያን የመሰለ ሌላ ብርሃን ይለቃል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። በሁለት መስታወቶች መሀል እየተመላለሰ የሚበዛው ብርሃን አንደኛው መስታወት በትንሹ እንዲያሳልፍ ስለተደረገ በቀጭኑ ይወጣል። ቴዎዶር ማይማን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 አሜሪካ ውስጥ በሩቢ ድንጋይ የመጀመሪያውን ሠርቶ አበራ። ከተራ አምፖል የሚለየው ብርሃኑ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ መሆኑና ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዱ ነው። ለድድ የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ይህ «አንድ ቀለም» የሚለው ነገር ነው።

ጥርስ ሐኪም ቤት በብዛት የሚገኘው ዳዮድ ሌዘር ነው። ዋናው ክፍሉ ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ከነበረችው ጋር አንድ ዘር የሆነች ትንሽ ቺፕ ናት፤ ኃይሏ ግን ብዙ እጥፍ ነው። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ከ800 እስከ 1000 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ታካሚው የሚያየው ቀይ ነጥብ ሐኪሙ የት እንዳነጣጠረ እንዲያውቅ የተጨመረ ሌላ ደካማ ብርሃን ነው። ዋናው ብርሃን ውፍረቱ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር በሆነ የመስታወት ክር ውስጥ ይሄዳል። ክሩ ከእጥበቱ በኋላ ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ ጎን ለጎን ከጥርሱ ሥር ጋር ሆኖ ሳይቆም ወዲያ ወዲህ ይንቀሳቀሳል፤ ለአንድ ቦታ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ። ሐኪሙም፣ ረዳቱም፣ ታካሚውም ለዚያ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ያደርጋሉ። መነጽር ያልሰጠዎት ሐኪም ቤት ሌዘር እንዲያበራብዎ አይፍቀዱ። ብርሃኑ ስለማይታይ ዓይን አይርገበገብም፤ ቀጥታ ገብቶ የዓይን ጀርባ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ብርሃኑ ባክቴሪያውን የሚገድለው በሙቀት ነው። ሙቀት የሚሆነው ግን አንድ ነገር ሲውጠው ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ ጥቁር የለበሰና ነጭ የለበሰ አብረው ቢቆሙ የሚቃጠለው ጥቁር የለበሰው እንደሆነ ሁሉ፣ ዳዮድ ሌዘርም የሚያሞቀው ጠቆር ያለውን ነው፦ ደሙን፣ የቆዳና የድድ ቀለም የሆነውን ሜላኒን፣ ከባክቴሪያዎቹም ጠቆር ያሉትን። ነጭ የሆነውን የጥርስ አካል ብዙም አይነካም፤ ጠጠሩንም አያነሳም። እዚህ ላይ የቪዲዮው ወሬ ይፈርሳል። ዋናው ጥፋተኛ ጠጠሩና ላዩ ላይ የተጋገረው ፕላክ ሆኖ ሳለ ዳዮድ ሌዘር ጠጠሩን የማንሳት አቅም የለውም። ሳይታጠቡ ሌዘር ብቻ ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

ጠጠር የሚያነሳ ሌዘርም አለ። ኤርቢየም ያግ ይባላል፤ የሞገድ ርዝመቱ 2940 ናኖ ሜትር ሲሆን የሚውጠው ውሃ ነው። ጠጠር ውስጥ ያለችውን ጥቂት ውሃ በቅጽበት አፍልቶ ጠጠሩን ይፈነቅለዋል። የሚያስደንቅ መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም የሚያስደንቅ ነው። ኪሱ ሲለካ ግን ውጤቱ በተሳለ ብረትና በጥሩ እጅ ከተሠራው እምብዛም አይበልጥም።

ወሎ ላይ የቀለሙ ጉዳይ ከሌላ አገር የበለጠ ይመለከተናል። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ ይህ በሽታ አይደለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ውቅራት አለ። የነጭ ጥርስ ዙሪያ ጥቁር ድድ ውበት ነው ተብሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ለድድ ሕመም መድኃኒት ነው ተብሎ፣ ድድ በእሾህ ወይም በመርፌ ይወጋጋል፤ ላዩ ላይ የተዘጋጀ ጥላሸት ይታሻል። ቁስሉ ሲድን ጥላሸቱ ከቆዳው በታች ይቀራል። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲሆን የሚያመጣው የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ለሌዘሩ ግን ጥላሸት ትልቅ ነገር ነው። ጥላሸት ካርቦን ነውና ብርሃንን ከሜላኒን በላይ ይውጣል። ክሩ ከኪሱ ወጣ ብሎ የተወቀረ ድድ ላይ ቢያርፍ፣ ወይም ኃይሉ ለነጣ ድድ በተለመደው መጠን ላይ ከተተወ፣ ድዱን ሊያቃጥል ይችላል። ይኸው ዓይነት ብርሃን በሌላ ቀጠሮ የድድ ጥቁረትን ለማንሳት የሚያገለግለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ውቅራታቸው እንዲጠፋ የማይፈልጉ እናት አስቀድመው መናገር አለባቸው። አጥንት ደግሞ ለአንድ ደቂቃ ያህል 47 ዲግሪ ሙቀት ከደረሰበት መጎዳት እንደሚጀምር እ.ኤ.አ. በ1983 ስዊድን ውስጥ ታውቋል። ክሩ ለምን ሳይቆም እንደሚንቀሳቀስ ከዚህ ይገባል።

ውቅራት ሌላም ነገር ያደርጋል፤ በሽታውን ይሸፍናል። ሐኪም ጤነኛ ድድ ከታመመ ድድ የሚለይበት አንዱ ምልክት መቅላት ነው። ጥላሸት የገባበት ድድ ግን ቢቆስልም ጥቁር ነው። መስታወት ፊት ቆመው «ድዴ ደህና ነው» ቢሉ አያስገርምም። አጫሽም ሌላ መሸፈኛ አለው፤ ትንባሆ የድድን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ በሽታው እየገፋ ሳለ ደሙ ይቀንሳል። ለእነዚህ ሰዎች በቀለም ሳይሆን በዚያች ሠረዝ ባላት ብረት ማመን ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው የድድ ሕክምና ዋናው መሣሪያ እሷ ናት፤ ዋጋዋ ትንሽ፣ መብራት የማትፈልግ፣ የማትዋሽ።

አሁን ወደ ማስረጃው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሉትን ጥናቶች ገምግሞ ለሐኪሞች መመሪያ አወጣ። እጥበትን ደገፈ፤ ዳዮድን፣ ኤርቢየምንና ኒዮዲሚየም የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሌዘር ከእጥበት ጋር በመደበኛነት መጨመርን ግን በባለሙያዎች ግምት አልደገፈም። የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ሌዘር ከእጥበት ጋር እንዳይጨመር መከረ። የአሜሪካ የድድ ሐኪሞች አካዳሚ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ትንሽ ለስለስ ብለው ነበር፤ በአንዳንድ ሁኔታ ጥቅም ሊኖር ይችላል፣ መጠኑ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው አሉ። ሦስቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ እጥበቱን የሚተካ የለም።

አንድ ለየት ያለ መንገድ ደግሞ አለ፤ ብርሃንና ቀለም አንድ ላይ የሚሠሩበት። ኪሱ ውስጥ እንደ ሜቲሊን ብሉ ያለ ሰማያዊ ቀለም ይንጠባጠባል፤ ቀለሙ ባክቴሪያው ላይ ይጣበቃል። ቀጥሎ ደካማ ቀይ ሌዘር ይበራል። እዚህ የሚገድለው ሙቀት አይደለም። ቀለሙ ብርሃኑን ውጦ አጠገቡ ያለውን ኦክስጅን ወደ ኃይለኛ ዓይነት ይለውጠዋል፤ ያ ኦክስጅን የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳል። ነገሩ የቆየ ነው፤ ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የተባለ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ቀለም የነካቸው ጥቃቅን ሕያዋን ብርሃን ሲያገኛቸው እንደሚሞቱ አስተውሎ ነበር። ስለ ድዱ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም። የ2015ቱ የአሜሪካ መመሪያ በደካማ ደረጃ ደገፈው፤ የ2020ው የአውሮፓ አልደገፈውም። አንድ አገር ያሉ ሁለት ሐኪሞች ስለዚህ ነገር የተለያየ ቢነግሩዎ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ሌዘር ከንቱ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ትርፍ ሥጋ ለመቁረጥ፣ የከንፈር ማሰሪያ ለመልቀቅ፣ ደም ቶሎ ለማቆም ጥሩ መሣሪያ ነው። ያ ቀዶ ሕክምና ነው። እዚህ የምናወራው ሳይቀደድ ስለሚታከም ድድ ነው፤ በዚያ ላይ ሌዘር ተጨማሪ እንጂ ዋና አይደለም።

በአካባቢያችን ዋናው ራሱ ገና አልተሟላም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የደሴውን ትልቅ ሆስፒታል ጨምሮ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። የሚርገበገበው ማሽን መብራትና ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። በእጅ የሚያዘው ብረት አይቆምም፤ የሚፈልገው የእንፋሎት መቀቀያ፣ መሳያ ድንጋይና የለመደ እጅ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞች ያሠለጥናል፤ ከዚያ የሚወጣ ወጣት ሐኪም ወሎ ቢመደብ ሌዘር ሳይኖረው የአንድን ወረዳ ድድ ማዳን ይችላል፤ የተሳለ ብረትና ቀጠሮ የሚያከብር ታካሚ ካገኘ። ለጤና ቢሮ በጀት የሚይዝ ሰው ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ቀሪው የቤት ሥራ ነው። ከእጥበት በኋላ የዳነ ኪስ ጥርሱ በየቀኑ ካልጸዳ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ሌዘር የተበራበትም ያልተበራበትም እኩል ይመለሳል። መፋቂያ የለመደ ሰው መፋቂያውን አይጣል። ወይራውም ልምጩም ጫፉ ታኝኮ ብሩሽ ሲሆን ፕላክን ያነሳል፤ ሶላት ከመስገዱ በፊት በሲዋክ የሚፍቅ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ጥርሱን የመጥረግ ዕድል አለው፣ ይህን የሚያክል ልማድ በየትኛውም የጤና ትምህርት አይገኝም። ችግሩ አፈቃቀቁ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚፍቀው የፊቱን፣ ሲስቅ የሚታየውን ነው፤ ጠጠር የሚበዛው ደግሞ ከታችኛው የፊት ጥርሶች በስተጀርባ፣ ምላስ በሚነካው በኩልና የምራቅ ዕጢ አጠገብ ባሉት የላይኛው መንጋጋዎች ላይ ነው። እዚያ ድረስ ይሂዱ። ኃይል ሳይሆን ጊዜ ይስጡት፤ ጎን ለጎን በኃይል መፈግፈግ ድዱን ያሸሻል። በጥርሶች መሀል ያለውን ብሩሽም መፋቂያም አይደርስበትም፤ የጥርስ ክር ወይም ትንሿ የመሀል ብሩሽ ከተገኘች እሷ ነች። ስቴኪኒ ሥጋ ለማውጣት ይሆናል እንጂ ድድ እየወጉ ለማጽዳት አይደለም። የጥርስ ሳሙናው ደግሞ ፍሎራይድ ያለበት ይሁን፤ ለድዱ ሳይሆን ጥርሱ እንዳይቦረቦር።

እና ሌዘር የሚያቀርብልዎ ሐኪም ካገኙ ሦስት ነገር ይጠይቁት። ኪሴን ለክተህ ጽፈሃል ወይ? ከሌዘሩ በፊት ጠጠሩን በብረት ታነሳለህ ወይ? ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ መልሰህ ትለካኛለህ ወይ? ሦስቱንም «አዎ» ካለና ገንዘቡ ካልከበደዎ ሌዘሩ ቢጨመር ክፋት የለውም፤ ድድዎ የተወቀረ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩትና ኃይሉን ይቀንስልዎ። ሦስቱን ካልመለሰ ግን ገንዘብዎን ይያዙ። ድድዎ ሲፍቁ ወይም ሲቦርሹ ከደማ ከሁለት ሳምንት በላይ አይጠብቁ፤ አዲስ አበባ ሳይሄዱ ደሴ ይውጡና መጀመሪያ ድድዎን ያስለኩ፣ ከዚያ ይታጠቡ።